የልምድ ልውውጡ ለማን ነው?

ክርክሩን ያስነሣው የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ነው። መሥሪያ ቤታችን ለልምድ ልውውጥ ከጫንጮ ወዲያ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ሙያ ማሠልጠኛ ልኮን፣ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሱሉልታ ላይ ለምሳ ቆመን ነበር። ምሳው ዘገየ። ገሚሱ በማሠልጠኛው በር ላይ ባነር ይዘን የተነሣነውን ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲቀባበል፣ እርሱ ከቦርሳው የውሎ አበል መክፈያውን ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «የኮስተሩ ኪራይ፣ አበሉ፣ ባነሩ፣ ከናቴራው፣ የታሸገው ውኃ፣ ይህ ሁሉ ወጪ ሆኖ ዛሬ ምን ሠርተን ነው የምንመለሰው? ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ስለላኩ እኛም ሄድን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የእኛ ነገር። ገንዘቡን በሙሉ ለብየዳው አሠልጣኝ ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ልጆቹ እየቀለጠ ብረት በሚያያይዘው ዘንግ፣ በኤሌክትሮድ፣ ባልተቸገሩ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው የሥልጠና ክፍል ባልደረባችን አላስጨረሰችውም። ከሁላችንም በዕድሜ ታንሳለች፤ የመሰላትን ከመናገር ግን ወደኋላ አትልም። «አንተ ሁሉንም ነገር በደረሰኝ ነው የምትለካው» አለችው። «እኔ ለእንደነዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ ዕቅድ የምጽፍ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ግን የብየዳ ክፍል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። አንድ ኤሌክትሮድ ምን ያህል እንደሚያስበይድ ሳላውቅ ነው 'አላቂ ዕቃዎች' ብዬ በአንድ መስመር ስጽፍ የኖርኩት። ዛሬ ባልሄድ ኖሮ ለከርሞም ያንኑ መስመር ነበር የምገለብጠው።»

ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ያየነውን ላስቀድም። የብየዳው ክፍል ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከሞርሳው አጠገብ አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳው ውስጥ የተከማቸው ተበይዶበት የተረፈ የኤሌክትሮድ ቁራጭ ነው። አዲስ ኤሌክትሮድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከተማ ውስጥ ባሉት ብረታ ብረት ቤቶች ጣት የምታህለው የመጨረሻዋ ቁራጭ ትጣላለች። አሠልጣኙ ግን መንገድ ዳር ከሚሠሩ በርና መስኮት ሠሪዎች ቁራጭ እየለመነ ያመጣል፤ ልጆቹም የሚለማመዱት በዚያው ነው።

አንድ ልጅ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አውርዶ ሁለት ብረት ሲያጋጥም፣ ብርሃኑን በእጄ ከልዬ ድምፁን አዳመጥኩ። ቁሌት እንደያዘ ድስት ድምፁ ተስተካክሎ መንጣጣት ሲጀምር ቁራጩ አለቀበት። አቆመ፣ ጭንብሉን አነሣ፣ በመዶሻ ቅርፊቱን አራገፈ፣ ሌላ ቁራጭ መያዣው ላይ አደረገና እንደገና ጀመረ። አንድ ክንድ በማይሞላ መስመር ላይ ይህንን ደጋግሞ አደረገው።

አሠልጣኙ ያስረዳን ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ብየዳ እጅን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ያሠራል። እጅ በመስመሩ ላይ በእኩል ፍጥነት መጓዝ አለበት፤ ኤሌክትሮዱ እየነደደ ሲያጥር ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ብረቱ መውረድ አለበት። በቁራጭ የተለማመደ ልጅ የሚያውቀው መጀመርንና ማቆምን ነው። የብቃት ምዘና ቀን ሙሉ ኤሌክትሮድ ሲሰጠው ጫፉ ይርቅበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ይወላገዳል። ከዚያ «አልበቃም» ተብሎ ይመለሳል። ሥልጠናው 70 በመቶው በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ ይሁን ተብሎ የተቀመጠ መመሪያ አለ። ለዚያ 70 በመቶ የሚሆነው ኤሌክትሮድ ግን ጣሳው ውስጥ ካለው ሌላ የለም።

የወተት ክፍሉ የተሻለ ይዞታ ላይ ነው፤ ሱሉልታና ሰላሌ የወተት አገር ስለሆኑ ጥሬ ዕቃው ደጃቸው ላይ አለ። በጾም ጊዜ፣ በተለይም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ ወተት ገዢ ሲያጣ ወደ ቅቤና አይብ መለወጡን ይማራሉ። አንዲት ሠልጣኝ ረጅም ብርጭቆ ወተት ሞልታ ላክቶ ሜትር የሚባለውን ተንሳፋፊ የወተት መለኪያ ለቀቀችበትና «ውኃ ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም?» ብላ ጠየቀችን። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። ወተት ውኃ ሲጨመርበት ስለሚቀልል መለኪያው ጠልቆ እንደሚወርድ አሳየችን። ሌላ ልታሳየን ስትል ግን ፕሮግራም መሪው «ጊዜ የለንም» ብሎ ወደ አዳራሹ ነዳን፤ እዚያ ንግግር ይጠብቀን ነበር።

የሒሳብ ባልደረባችን ያነሣው ይህንኑ ነበር። «ልጆቹ ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ፈትተው ሲጠብቁን ነው ያረፈዱት። ዳይሬክተሩ ተናገሩ፣ የእኛ ኃላፊ ተናገሩ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። የልጆቹ ግማሽ ቀን የት ሄደ? እርሱም ወጪ ነው፤ እኔ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም እንጂ።» የሥልጠና ክፍሏ ልጅ ለዚህ መልስ አልነበራትም፤ ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ይሄኔ የቀድሞው መምህር ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ብዙ ዓመት ካስተማሩ በኋላ ነው ወደ እኛ መሥሪያ ቤት የመጡት፤ ሁላችንም «መምህር» ነው የምንላቸው።

«ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ገንዘቡ ትከራከራላችሁ። እኔን የከነከነኝ እነዚያን ልጆች ያየንበት ዓይን ነው» አሉ። «ጠዋት መኪናው ውስጥ አንዱ 'እነዚህ ፈተና የወደቁት ናቸው አይደል?' ሲል ሰምቻለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ባለ እጁን ቁልቁል እናየዋለን። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በነበረበት ዘመን ውጤት ያልመጣለትን ልጅ 'በቃ፣ አንተ ወደ ቴክኒክና ሙያ' እያልን የላክነው እኛው መምህራኑ ነን። የተማሪውም የወላጁም አንገት ይደፋ ነበር። በኋላስ ምን ሆነ? የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ የማይረባ ነው ልንል ነው? አሁን በክህሎት ስም የተሰየመ ሚኒስቴር አለን፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። የእኛ ዓይን ግን ገና እዚያው ነው።»

«መምህር፣ ልክ ነዎት» አለቻቸው ልጅቱ፤ «ግን ያ ዓይን የሚቃናው እኮ ሄደን ስናይ ነው።»

«ማየትስ ጥሩ ነበር፤ አላያችሁም እንጂ» አለ ሾፌሩ ከጠረጴዛው ጫፍ። እንጀራውን እየበላ ስለነበር የሚሰማን አልመሰለንም። «እኔን ሙያ ያስተማረኝ ጋራዥ ነው። ካቻቢቴ አምጣ ስባል ፒንሳ ካመጣሁ በጥፊ ነበር የምታረመው። እነዚህ ልጆች ሳይመቱ የሚያስተምራቸው ሰው አግኝተዋል፤ እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። እናንተ አዳራሽ ስትገቡ እኔ ከእነርሱ ጋር ውጪ ተቀምጬ ሳወራ ነበር። አንዱ ምን አለኝ መሰላችሁ? 'ጋሼ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሣናል፤ አንድ በር ያዘዘን ግን የለም።'»

ይህን ሲሰሙ የግዥ ክፍል ኃላፊዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። «እውነቱን ነው» አሉ። «አምና የመጋዘኑን መደርደሪያ ያሠራነው ከነጋዴ ነው። የቅርንጫፉን የግቢ በርም እንዲሁ። እነዚያ ልጆች ከሚሠሩት በምን ይሻላል?»

የሒሳቡ ሰው እዚህ ላይ ጠንከር አለ። «እትዬ፣ ደንቡን እርስዎ ያውቁታል። ሦስት ፕሮፎርማ እፈልጋለሁ፣ ንግድ ፈቃድ እፈልጋለሁ፣ ደረሰኝ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት በምን ደረሰኝ ይሸጥልኛል? በሩ ቢወላገድስ? ኦዲተሩ የሚጠይቀው ልጁን አይደለም፤ እኔን ነው።»

«ተመርቀው በማኅበር የተደራጁት እኮ ፈቃድም ደረሰኝም አላቸው» አሉ ኃላፊዋ። «ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን አበረታቱ የሚል ደንብም አለ። ፕሮፎርማ ስንሰበስብ ሁልጊዜ ለምናውቃቸው ሱቆች እየላክን እነርሱን ከየት እናገኛቸዋለን? የበሩን ጥራት ደግሞ ከክፍያ በፊት እንፈትሻለን፤ ነጋዴውንስ ሳንፈትሽ እንከፍላለን እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከድምፅ ወደ ድምፅ ተሸጋገረ፤ አንዱ ስለ አበል፣ አንዱ ስለ ኃላፊው ንግግር፣ አንዱ ስለ መንገዱ። ሒሳቡ ተከፍሎ መኪና ስንገባም አልተቋረጠም። እኔ ብዙም አልተናገርኩም፤ ፍርዴን እዚህ ላስቀምጥ።

የሒሳብ ባልደረባችን ስለ ልጆቹ ግማሽ ቀን የተናገረው ከሁሉ በላይ ትክክል ነው። በልመና በተሰበሰበ ቁራጭ የሚለማመድ ልጅ ከልምምድ ሰዓቱ ላይ ለእኛ ሰልፍና ጭብጨባ የሚቆረስበት አንድም ደቂቃ ሊኖር አይገባም። ይህ የሚያስቆጣ ነገር ነው፤ እኔንም አስቆጥቶኛል። ጉብኝቱ ይቅርና ገንዘቡ ይሰጥ ማለቱ ግን አያስኬድም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ኤሌክትሮድ ነድዶ ያልቃል። ካለቀ በኋላ የሚተካው በየዓመቱ የሚያዝ በጀት ነው። በጀት ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው ያው «አላቂ ዕቃዎች» የሚለው መስመር ነው፤ የሚሰርዘው ሰው ጣሳውን አይቶ ስለማያውቅ። ስለዚህ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ማየት ያለበትም ሰራዡ ነው።

ልጅቱ ጉብኝቱን ስትከላከል ያገኘችውን ነገር በትክክል ተናግራለች። ያገኘችው ግን ጣሳው አጠገብ በቆመችባት ሩብ ሰዓት ነው። የቀረው ፕሮግራም፣ ባነሩም ንግግሩም፣ ያቺን ሩብ ሰዓት ሲሻማት ነው የዋለው። ላክቶ ሜትር የያዘችው ሠልጣኝ ልታስተምረን ፈልጋ ነበር፤ ጊዜ የለንም ብለን ጥለናት ሄድን። ከዚያ ቀን ውስጥ በጣም ያሳፈረኝ ይህ ነው።

እኔ ብሆን ኮስተር ሙሉ ሰው አልልክም። ዕቅድ የምትጽፈውን፣ በጀት የሚያጸድቀውን፣ ግዥ የሚፈጽሙትን፣ እነዚህን ሦስቱን እልካለሁ። ለአንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት፣ ያለ ባነር፣ ቀድሞ ለዳይሬክተሩ «ትምህርት አይቋረጥ» ተብሎ ተነግሮ። ጭንብል አጥልቀው ቁራጭ ኤሌክትሮድ ይዘው አንድ መስመር ይሞክሩ። የሒሳብ ባልደረባችን መጀመሪያ ይሂድ፤ ያን መስመር የሞከረ ሰው መምህር የወቀሱትን ጥያቄ መኪና ውስጥ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። ለተመላሾቹ ደግሞ ሪፖርት ጻፉ አይባሉ። በጀት ውስጥ የሚገባ አንድ መስመርና ከተመራቂዎቹ ማኅበር የሚታዘዝ አንድ ዕቃ ይዘው ይምጡ። ስለ ኦዲተሩ ያለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ከትንሽ ይጀመር። አንድ የግቢ በር በናሙና ይታዘዝ፣ በባለሙያ ይፈተሽ፣ ከዚያ ይከፈል። በሩ ቢወላገድ ይመለስላቸውና ያስተካክሉት፤ ከነጋዴው ስንገዛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፤ የልምድ ልውውጥ የሚለው ርእስ ለከርሞም ረቂቁ ላይ ተቀምጧል። የኤሌክትሮዱ መስመር በስሙና በብዛቱ ተጽፎ ከጎኑ ካልገባ፣ የጉብኝቱ ርእስ ከረቂቁ እንዲወጣ በስብሰባው ላይ እጠይቃለሁ።