«በሞቴ፣ ውሃ ይድገሙ»

ባሕር ዳር የተቀመጠችው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ሲሆን፣ ሐይቁም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በስፋቱ በአገራችን አቻ የሌለው ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በደጇ በተኛላት ከተማ ግን ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ ውሃ የጠየቀ ሁሉ ባለቤቶቹን እንዳዋረደ ይቆጠራል። የቤቱ እመቤት «ምነው ልጄ፣ ውሃ ብቻ? ምን በደልንህ?» ብለው ይደነግጣሉ፤ ወዲያው አንድ ልጅ ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ በሚያዝያ ፀሐይ ጉሮሮው የደረቀው እንግዳም ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ በግዴታ ተግቶ፣ ስኳሩ አፉን እንዳጣበቀው፣ ምርቃት ተቀብሎ ይወጣል። ቤቱ ደርሶ ውሃ ቢቀዳም ሚስቱ «አመመህ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም፤ በብዙ ቤት ውሃ የሚጠጣው ኪኒን ለማወራረድ ነውና።

እንደ እኔ ግምት የውሃ ጥፋቱ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው። ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ አለው፤ ዕጣን ይጨስለታል፣ ጎረቤት ይጠራበታል። በጠላ ጠማቂዋ ትመሰገናለች። ውሃን ግን ማንም አልቆላው፣ ማንም አልጠመቀው፤ ስለዚህ ቢጠጣ የሚመሰገን፣ ባይጠጣ የሚቀየም ሰው የለም። በጠላው ላይ «በሞቴ፣ ይድገሙ» እያሉ እንግዳ የሚያስጨንቁ እናት ስለ ውሃ ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም። (ለፍትሕ ያህል፣ ቡናም ውሃ ስላለበት ለሰውነት ጨርሶ ከንቱ አይደለም።)

ሌላው የውሃ ባላንጣ መጸዳጃ ቤት ነው። ቁልፉ በጥበቃው ኪስ፣ ጥበቃው ደግሞ ምሳ ላይ በሆነበት መሥሪያ ቤት፣ በተለይ ሴቶች ሠራተኞች ከጠዋት ጀምሮ ባለመጠጣት ችግሩን ከምንጩ ያደርቁታል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛም ረዳቱን «እባክህ አስቁምልኝ» ብሎ በአውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ከመለመን ጥማትን ይመርጣል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ዘንድ የጉዞ መመሪያ ሆኗል።

ኩላሊት ግን ይሉኝታ አያውቅም። ደሙን አጣርቶ ቆሻሻውን የሚያስወጣው በውሃ ስለሆነ፣ ውሃ ሲያጥረው ሽንቱን ያወፍረዋል፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናትም እየተጠጋጉ ጠጠር ሊሠሩ ይችላሉ። የሽንቱ ቀለም ገረጣ ካለ ደኅና ነው፤ እንደ ጠጅ ከጠቆረ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ውሃ እየለመነ ነው። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል እንጂ፣ ለሌሎቻችን ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ክሊኒክ የደረሰ ሰው «ጠጠሩ ትንሽ ነው፤ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ በሽንት ይወጣል» ሲባል ግን ደስ አይለውም። ለካርድ ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ መርፌ ሳይወጋ «ውሃ» መባሉ እንደ ስድብ ይሰማዋል። አመሻሽ ላይ ሊጠይቁት የተሰበሰቡ ዘመዶችም ሐኪሙ ገና ልጅ እንደሆነ ከተስማሙ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ለትልቅ ሐኪም እንዲታይ ይወስናሉ፤ ታላቅ ወንድሙም መንገዱ ረጅም መሆኑን አስታውሶ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ አጥብቆ ያስጠነቅቀዋል።