መጽሐፍ ሳይገዙ ደራሲን ስለ ማበረታታት

አገራችን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ቢያጥራትም ደራሲ የሚያበረታታ ሰው አጥሯት አያውቅም። የመንግሥት አሳታሚ የነበረው የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ዘመን ካለፈ ወዲህ አብዛኛው አዲስ ደራሲ ደመወዙን አጠራቅሞ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አንዳንዱም የሚስቱን ወርቅ አስይዞ በራሱ ወጪ ያሳትማል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ማተሚያ ቤቱ ትናንት የነገረውን ዋጋ ዛሬ አይደግመውም። ይህን ሁሉ አልፎ ካርቶኖቹን ሳሎኑ ውስጥ የደረደረ ሰው ከሕዝቡ የሚጠብቀው ማበረታቻ ብቻ ነው፤ እኛም አላሳፈርነውም።

ሥራችንን የምንጀምረው ከምረቃው ነው። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር አዳራሽ ወይም በአንድ ሆቴል ውስጥ፣ በክራር የታጀበ ግጥም ከተነበበ በኋላ፣ ሐያሲው ወደ መድረክ ይወጣና ጊዜ አጥሮት እስከ ገጽ 40 ብቻ መድረሱን በትሕትና ገልጾ ለ45 ደቂቃ ይናገራል። ከ40 ገጽ ይህን ያህል ዕውቀት የሚጨምቅ ሰው መጽሐፉን ቢጨርሰው ኖሮ እራት ሳንበላ ይነጋብን ነበርና፣ አለመጨረሱ ለታዳሚው የተደረገ ርኅራኄ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ደረታችን ላይ አስደግፈን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ መጽሐፉን በክብር ወደ ጠረጴዛው መልሰን ፎቶግራፉን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን።

ወዳጅ ዘመድ የሆንን ደግሞ ከዚህም እንልቃለን። «የእኔን ፈርመህ አስቀምጥልኝ» የምትለውን ዐረፍተ ነገር ያህል ለደራሲ ቅርበትን የምትገልጽ ቃል የለችም። አብሮ አደጉ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው፣ አበልጁና የአበልጁ ወንድም እያንዳንዳቸው በዚሁ ፍቅር ሲጠይቁት ካሳተመው 1,000 ቅጂ ላይ ስንቱ እንደሚቀረው የሚያውቁት እሱና አበዳሪው ናቸው። መደብሩና አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻቸውን የሚያነሡት ከዚያ በተረፈው ላይ ነው። ፊርማው ግን ያማረ መሆን አለበት፤ በቀጭኑ «ለወዳጄ» ብሎ ብቻ የፈረመ ደራሲ ስንት ዘመድ እንዳስቀየመ አውቃለሁ።

ስለ ምርጫችን ስፋት ደግሞ አዟሪዎቹ ይመስክሩ። አዟሪው ከወገቡ እስከ አገጩ የሚደርስ ቁልል ታቅፎ ካፌ ሲገባ የስለላ ልብ ወለዱን፣ የግጥም መድበሉን፣ ግለ ታሪኩን፣ የልጆች ተረቱን አንድ በአንድ እናስወርደዋለን። የጀርባ ሽፋኑን አስተያየት ቡናችን እስኪቀዘቅዝ አንብበን፣ የማናውቀውን ስም ሁሉ አገላብጠን ከመረመርን በኋላ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር የለህም?» ብለን እንጠይቃለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ለአዲስ ነገር ያለንን ጥማት ያረካልና። አዟሪው ደስ ብሎት ከቁልሉ ግርጌ መዝዞ ሲያወጣው፣ «እሱንማ አንብቤዋለሁ» እንለዋለን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ያነበቡት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ መሆኑ እዚህ ላይ አይነሣም።

ካልገዛን በምን እናነባለን የሚል ተጠራጣሪ ቢኖር ቴሌግራም አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጽሐፍን ያለ ፈቃድ አባዝቶ ማሰራጨትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ቢያደርገውም፣ ሌሊቱን እንቅልፉን አጥቶ 200 ገጽ በስልኩ እያነሣ የሚያጋራንን በጎ ፈቃደኛ ወንጀለኛ ለማለት አንደፍርም። ከየገጹ ጥግ ብቅ የሚለው አውራ ጣቱ ብቻ የሚታወቅ ትሑት ሰው ነው። ዕውቀትን ለሕዝብ ማዳረሱን ያደንቁ ዘንድ ለ3,000 አባላት ይልካል፤ አባላቱም የእሳትና የጭብጨባ ምልክት ያዘንቡለታል።

በእውነት ያነበብን ደግሞ ደራሲውን ሳናመሰግን አናልፍም። ስልኩን አፈላልገን፣ መጽሐፉ እንዴት እንደመሰጠን ከገለጽንለት በኋላ፣ ገጽ 84 ላይ የበጎ ፈቃደኛው አውራ ጣት አንቀጹን ስለ ሸፈነብን ጥራት ያለው ፋይል እሱ ዘንድ ካለ እንዲልክልን በአክብሮት እንጠይቀዋለን።