በሰው ሕመም የማይናወጥ እምነት

ደሴ ላይ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም፤ ለዚህ ወሎዬነት ምስጋና ይግባውና እሱ ተወርቶለት ያለቀ ነው። ያልተወራላቸው፣ ታማሚ ቤት ገብተው የሚያስተምሩት ናቸው። ብድግ ብሎ የሚያመሰግናቸው ሰው ጠፍቶ እስከ ዛሬ መቆየታችን ያሳፍራል። እንደ ውለታቸው ቢሆን ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር እልልታ ሊወጣላቸው ይገባ ነበር።

እንዲህ ያለው አጽናኝ ገና ከደጅ ይታወቃል። ጫማውን ሳያወልቅ፣ በሽታው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ «ለበጎ ነው!» ይላል። ሐኪም እንኳ ራጅ ሳያይ አፉን አይሞላም። የእኛ ሰው ግን ስኳርም ይሁን ስብራት፣ ኩላሊትም ይሁን ሐዘን ምርመራ አያስፈልገውም። መልሱን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። ብርቱካን እንዳይዝ እጁን የያዘውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሰሞኑን ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ተገልብጦ እግሩ የተሰበረ አንድ የሰፈራችን ሰው ዘንድ ሄጄ፣ ይህን ጸጋ በቅርብ ለማየት ታድያለሁ። ሰውዬው ጫኝና አውራጅ ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች በጄሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። አጽናኛችን ገባና ወንበር እያለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በተሰበረው እግር በኩል። አልጋው ሲሰምጥ የታማሚው ፊት ጭምድድ አለ። አጽናኛችን ይህን ጊዜ ልቡ የተነካ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አባታችን ተክለ ሃይማኖትን አስብ እንጂ! ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩትን!»

ታማሚው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እሳቸው ጻድቅ ናቸው፣ ጋሼ። እኔ ወዛደር ነኝ» አለ።

«ይኸውልህ! ችግርህ እሱ ነው፤ እምነትህ ላልቷል።»

እግሩ ተሰብሮ የተኛው ሰው፣ እምነቱም የላላ መሆኑን በነጻ ተነገረው። እንዲህ ያለውን ምርመራ በየትኛው ክሊኒክ ታገኙታላችሁ?

ሚስቱ በዚህ መሐል ቡና እያፈላች ነበር። ስኳሩን ከጎረቤት ስትበደር አይቻለሁ። አጽናኛችን ከአቦል እስከ በረካ አንድም አላመለጠውም። ትራሱ ሥር «ከውጭ ተገዝቶ ይምጣ» የተባለ የመድኃኒት ማዘዣ ነበር። ሳበና አነበበው፤ ከላይ እስከ ታች፣ በጥሞና። አሁን ኪሱ ሊገባ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እጁን ወደ ጣሪያው አነሣና «ዋናው መድኃኒት እሱ ነው» አለ። ከዚያ ማዘዣውን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ ሲኒውን ጫነበት። ወረቀቱ ላይ የቀረው የቡና ክብ እስካሁን በፋርማሲ ያሉትን ሰዎች ሳያስቸግር አልቀረም።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ልብስና የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም የማይሰጥ ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። ያዕቆብ ደሴን ቢያውቃት እንዲህ ባልተናገረ። ጦሳ ተራራ ሥር በክረምት «እሳት ሙቁ» መባል ብቻውን ስንቱን አሙቋል! ከሰሉ የቀረው አጽናኞቻችን ስለሰሰቱ አይደለም፤ ቃላቸው ራሱ ትኩስ ስለሆነ ነው።

በዚህ አገልግሎት ቤተ እምነት አይለይም። አንዱ «ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋል» ሲል ሌላው «ይህ በሽታ ያንተ አይደለም፣ አልቀበልም በል» ይላል። ታማሚው አንዱን ሰምቶ ለመቀበል ሲዘጋጅ ሁለተኛው መጥቶ ያስመልሰዋል። ሰው በዚህ መሐል እንዴት እንደሚሰለቸው አይገባኝም።

አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸው ብቻ ወጉን አበላሽታለች። ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጣችና «አብሽር ወንድሜ» አለች፤ አለቀ። ጥቅስ የለ፣ ትንታኔ የለ። ከዚያ ጓሮ ዞራ የተነከረውን ልብስ አጥባ፣ አስጥታ ሄደች። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ሲሰበሰብ ለመድኃኒቱ ይዋጣ ያለችውም እሷ ናት አሉ። ምን ይደረግ፣ ስብከት ያልለመደ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት አያውቅም።

አጽናኛችን በጣም የሚወደው መጽሐፈ ኢዮብን ነው። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» የምትለዋን ሐዘን ቤት ይዟት የማይገባበት ጊዜ የለም። ኢዮብ ይህን ያለው ስለ ገዛ ልጆቹና ስለ ገዛ ከብቶቹ ነበር፤ ልብሱን ቀዶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ መሬት ላይ ተደፍቶ። የእኛው ትሕትና ግን ከዚያ ይልቃል። ስለ ራሱ አንድም ጊዜ ብሎት አያውቅም፤ ለሌላው ነው የሚያድለው። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ፊት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እየዘገነ፣ «አታልቅሺ፣ ማልቀስ አለማመን ነው» ይላታል። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ቢታንያ ላይ እንባውን አፍስሷል። አጽናኛችን በዚህ በኩል ሳይበልጥ አልቀረም፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት ከዓይኑ እንባ ጠብ አትልም።

ስለ ራሱ የጭንቅ ጊዜ ሐሜት አልወድም። ጥርሱን ያመመው ለት ሌሊቱን በኮንትራት ባጃጅ ሐኪም ቤት መድረሱን፣ ተረኛውን ሐኪም ለመቀስቀስ በር መደብደቡን ያወራሁት እኔ አይደለሁም። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴን ሲያንኳኳ «ከእሱ ፈቃድ ውጪ አንዲት ጸጉር አትወድቅም፣ የትም አትሂዱ» ብሎን፣ በማግስቱ ከደብረ ብርሃን ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ማለቱንም አላነሣም። ለቀሩት የሚጸልይ ሰው ራቅ ብሎ መኖሩ ደግ ነው። እናቴ ግን ያንን ስልክ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ሦስቱን የኢዮብ ወዳጆች፣ ኤልፋዝን፣ በልዳዶስንና ሶፋርን፣ ከእኛዎቹ ጋር ሳወዳድር የሚገርመኝ ስንፍናቸው ነው። ከሩቅ አገር መጥተው፣ አልቅሰው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተነፈሱም! የሚገርመው፣ መጽሐፉ በእነዚያ ቀናት ያነሣባቸው ጥፋት የለም። ነገር የተበላሸው በስምንተኛው ቀን አካባቢ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ኃጢአት ቢኖርብህ አይደል እንዴ?» እያሉ ሲያራቅቁ ኢዮብም ታከተውና «እናንተ ሁላችሁ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ» አላቸው። የእኛ ሰው ሰባቱን ቀን ዘሎ ቀጥታ ወደ ንግግሩ ይገባል። ጊዜ ቆጣቢ ነው።

ታዲያ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው እንዳልዘለቀው የጠረጠርኩት፣ ስለ ምዕራፍ 42 ስጠይቀው ሰዓቱን አይቶ ሲነሣ ነው። እዚያ እግዚአብሔር ስለ እሱ ጥብቅና ቆመናል ያሉትን ሦስቱን ተቆጥቶ፣ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ታማሚው እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ያዛል። ይህን ለታማሚው ሚስት አጫወትኳት። ሲኒዎቹን እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና ብላ «የወይፈኑ ይቅር፣ በጉ በስንት ነው አሁን?» አለችኝ።