ዋስትናው ዱባይ ነው አሉ!

አሁንስ በዛ! የላፕቶፔ ማጠፊያ ተገነጠለ። ስክሪኑን በጆግ አስደግፌ ነው ይህን የምጽፈው። መገናኛ ወሰድኩት። ቴክኒሻኑ ገለጥ አደረገና "ዕቃው እዚህ የለም" አለኝ። ዋስትናስ? አለው እንጂ! የተገዛበት አገር ወስዶ ማሠራት ነው። ትኬቱን ማን ሊቆርጥልኝ?

ሲሸጡ ወሬያቸው ሁሉ "ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው።" ቀጭን ይሁን ብሎ የለመናቸው ማነው? ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። ባትሪው በሙጫ ተለጥፏል። ቁልፍ ሰሌዳውን ለመቀየር ሆድ ዕቃው በሙሉ ይዘረገፋል። እነዚያ ጥቁር፣ ወፋፍራም የድሮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ምን በደሉ? ባትሪያቸው ከጀርባ ቀጭ ተደርጎ ይነቀላል፣ ሌላው ይገባል። አለቀ! ራማቸውን ማንም ብሎን መፍታት የሚችል ሰው ይቀይረዋል።

ሻጩ ጋ ደውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አዲስ ሞዴል ገብቷል፣ ከዚያኛውም ይቀጥናል!"