ከ2:30 በፊት የሠራነው የት ገባ?

ዛሬስ ሳልናገር ማደር አልችልም። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ጥገና ክፍል ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ስሙን ተዉት። 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ደመወዝ ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ፣ ስለ ሰዓት ግን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ዘንድሮ ያንገፈገፈኝ ሰዓቱ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ዘጠኝ ነን። ኤሌክትሪሺያን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አናጢ፣ በያጅ፣ የቦይለር ሰው። ድሮ ከሌላው ሠራተኛ ቀድመን ጠዋት 1:00 ገብተን 10:00 እንወጣ ነበር። የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከቀድሞው ኃላፊያችን ጋር ተግባብተን ነው። ሥራው ራሱ ነው በዚያ ሰዓት የሚፈልገን። ኦፕሬሽን ክፍል የመጀመሪያውን ታካሚ የሚያስገባው 2:30 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቦይለሩ ተነስቶ እንፋሎት መስጠት አለበት። እንፋሎት ከሌለ የኦፕሬሽን ዕቃ የሚቀቅለው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ አይደርስም፣ መቀሱም ጨርቁም ስቴራይል፣ ማለትም ከጀርም ነፃ፣ አይሆንም። ውሃውም አለ። የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛ ተራ ሌሊት ነው። ጠዋት ፓምፑን አስነስቶ ጣሪያ ላይ ያሉትን ሮቶዎች የሚሞላ ሰው ከሌለ፣ አራተኛ ፎቅ የተኛች አራስ ስትታጠብ የቧንቧው ውሃ መሃል ላይ ይቆማል።

መስከረም ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ በሙሉ 2:30 ይገባል፣ 11:30 ይወጣል፣ መቆጣጠሪያው አሻራ ብቻ ነው ይላል። ጥሩ። የመንግሥት ሰዓት ነው፣ ማን ይክዳል? ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት፣ ዓርብ 7፣ በሳምንት 39። እኛም እሺ አልን። ሰኞ ዕለት ሁላችንም 2:30 ገባን።

የዚያን ቀን የመጀመሪያው ኦፕሬሽን የተጀመረው 4:00 ላይ ነው። ከማታ ጀምሮ ምግብም ውሃም ያልቀመሰች እናት ስትሬቸር ላይ ተኝታ ስትጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጇ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ “ምን ሆኖ ነው?” ይላል። እኔንም ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በማግስቱ ትእዛዝ መጣ። በቃል ነው፣ ወረቀት የለም። “እንደ ድሮው ቀድማችሁ ግቡ፣ መውጫችሁ ግን 11:30 ነው።” በቃ። አሁን የምንሠራው ከ1:00 እስከ 11:30 ነው። በቀን 1 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 7 ሰዓት ተኩል በነፃ እንሠራለን። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የአሻራው ማሽን ደግሞ ከ2:30 በፊት የገባን አይቆጥርም፣ እንደዚያ ነው የተሞላው። ከ2:30 በኋላ ያለችውን ግን አንዲት ደቂቃ አያስቀርም።

ጋሼ የምንላቸው የቧንቧ ሠራተኛ አሉን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሲሚንቶና ከቱቦ ጋር ነው የኖሩት። ጣታቸው ተልጦ ለስልሷል፣ ማሽኑ አያነበውም። አውራ ጣታቸውን ያስቀምጣሉ፣ ቀይ መብራት። ሱሪያቸው ላይ ይጠርጉትና እንደገና፣ ቀይ። ምራቅ ነክተው፣ ቀይ። ከኋላቸው ሰልፍ ተይዟል፣ ወጣቶቹ ይነጫነጫሉ። እኚህን ትልቅ ሰው እንደዚያ ማየት ያማል። ወሩ ሲያልቅ ሪፖርቱ 6 ቀን ቀርተዋል አለ። ስድስቱንም ቀን ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፣ እኔ ምስክር ነኝ። ጣታቸውን የበላው የዚሁ ሆስፒታል ሥራ ነው እኮ!

የሌሊቱ ጥሪ ደግሞ ሌላ ነው። ኅዳር ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዘበኛው ደወለልኝ። መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ በራሱ ተነስቷል፣ ግን መብራቱን ወደ ሕንፃው የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ አልያዘም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሕንፃው ጨለማ ነው። ቤቴ ቅርብ ነው፣ እየሮጥኩ ደረስኩ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሳልፍ ነርሷ ስልኳን ጥርሷ ላይ ነክሳ በዚያ ብርሃን አምቡባግ በእጇ እየጨመቀች ለሕፃኑ አየር ትሰጣለች። ፓኔሉን ስከፍተው የተቃጠለ ኮይል ሽታ ፊቴን መታኝ። መስመሩን ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረውን ቼንጅ ኦቨር በእጄ ገለበጥኩት፣ መብራት መጣ። ከዚያ ኮንታክተሩን ፈትቼ ከአሮጌ ፓኔል ባወጣሁት ኮይል ቀየርኩ። ስጨርስ ነግቷል። እጄን ታጥቤ አሻራ ያደረግኩት 2:41 ላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ? 11 ደቂቃ ዘግይቷል። ሌሊቱን የሚመዘግብ ዓምድ የለም።

ሐኪሞችና ነርሶች የዱቲ ይከፈላቸዋል። አልቀናም፣ ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ያንሳቸዋል። በግል ድርጅት የሚሠራ የሙያ ጓደኛዬም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሠራው ትርፍ ሰዓት ክፍያ በ1.75 ይባዛለታል፣ በዓል ከሆነ በ2.5። እኛ የምንተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በእኛም ሕግ ትርፍ ሰዓት ወይ በገንዘብ ወይ በእረፍት ይካካሳል። እኛ ገንዘቡንም እረፍቱንም አላየንም። ስንጠይቅ “የጽሑፍ ትእዛዝ አምጡ” እንባላለን። ትእዛዙን በቃል የሰጡን እነሱ ናቸው፣ ወረቀቱን ከየት እናምጣ?

አንዱ የአስተዳደር ሰው ደግሞ “ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ነው የማያችሁ” አለን። ይህች ነገር ከሁሉ በላይ ከነከነችኝ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ የምንለው ጠዋት 1:00 ላይ ስለሠራን ነው። የጥገና ሰው ቁጭ ካለ ሆስፒታሉ ሰላም ነው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እንድንሯሯጥ የሚፈልግ ሰው ምን እንዲበላሽለት ነው የሚፈልገው?

የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ወይ ከ1:00 እስከ 10:00 የሚለውን በጽሑፍ ይስጡን፣ ወይ በፈረቃ ይከፋፍሉንና ለሌሊቱም ተረኛ ይመደብ። ለጋሼም ፊርማ ይፈቀድላቸው። ዘጠኛችንም ፈርመን አስገብተናል።

ሰኞ ስብሰባ ተጠርተናል። ጋሼ ባለ 50 ሉክ ደብተር አላቸው። ከመስከረም ጀምሮ የገቡበትን፣ የወጡበትን፣ የከፈቱትን ቫልቭ ሳይቀር በእርሳስ ጽፈውበታል። ትናንት አሳዩኝ። 38ኛው ገጽ ላይ ደርሰዋል። ሰኞ ይዘውት ይገባሉ፣ እኔም አብሬያቸው ነኝ።