«ተጫወተው» የተባለው ለማን ነው?

ይህን ብሶት ለወራት በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። አብረውኝ የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሲያነቡት ሊቀየሙኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ በመውጣቴ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ደረስኩ። የስድስት ዓመት ልጄ አልጋው አጠገብ ቆሞ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደግም ስለነበር፣ እንዳላቋርጠው በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩት። አንድም ቃል ሳይስት ወረደው። «ወኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻውን ቃል ጎተት አደረገው። እኔ እንዲህ አልደግምም፤ እናቱም እንዲህ አትደግምም። እንዲህ የምትደግመው ልጃችንን የምትጠብቅልን፣ ከጎጃም የመጣችው ወጣት ናት። ሲጨርስም «የእቴቴን እናት ማርልኝ፤ ጉልበታቸው እንዲሻላቸው» አለና አማትቦ ተኛ። የልጅቷ እናት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው እኔ አላውቅም ነበር። ልጄ ጸሎቱን በቃሉ መያዙንም አላውቅም ነበር።

በልጅቷ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ከራሷ እናት ርቃ የእኔን ልጅ እጅ ይዛ ማማተብ ያስተማረችበትን ውለታ በምን እንደምከፍላት አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይክፈላት። የሚያንገበግበኝ ያ ሥራ የእኔ የነበረ መሆኑ ነው። ልጄ በተወለደ ጊዜ ሕጉ ለአባት የሚፈቅደው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነበር፤ በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የተቀመጠው ይኸው ነው። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ በ40 ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ፊቱን በቀን ብርሃን አይቼ የጠገብኩበት ቀን አልነበረም። አሁን ወደ ኋላ ሳስበው፣ ያኔ የተጀመረው ነገር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ ነው። በመካከሉ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ሁለት የታክሲ ሰልፍ፣ ማለዳም ማታም ንቅንቅ የማይል የመኪና ጭንቅንቅ አለ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ልጄ ተኝቷል፤ ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስገባም ተኝቷል። በቀን ቤት ካገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ባለቤቴም ብትሆን ቅዳሜን እስከ እኩለ ቀን ትሠራለች። «ለእነሱ ብለን ነው» እንላለን፤ እውነትም ለእነሱ ብለን ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የአስቤዛውን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይረዳል። ስለዚህ እንጀራ ፍለጋ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣን አባት የምወቅስበት አፍ የለኝም። ሊዋጥልኝ ያልቻለው፣ የተረፉንን ሁለት ቀናት የምናባክንበት መንገድ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል አስተምራለሁ። ይህን አገልግሎት እወደዋለሁ። ነገር ግን የሰው ልጆች ሳስተምር የእኔው ልጅ ቤት ይቀራል፤ ይዤው ስሄድም ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ከኋላ ይቀመጣል። ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን በር ላይ አውርደው ይሄዳሉ፤ ሲያልቅ በር ላይ ይቀበሏቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ገባ ብሎ «ልጄ ዛሬ ምን ተማረ?» ያለኝ ወላጅ ቢቆጠር ከአምስት አይበልጥም። አንድ ጊዜ ሕፃናቱን «ማታ ማታ ማን ያስጸልያችኋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ አያቷን፣ ሌላው ሠራተኛዋን ጠራ፤ አንዱ «ብቻዬን» አለ፤ ብዙዎቹ ግን ዝም አሉ። አባቱን የጠራ አልነበረም። የእኔም ልጅ በዚያ ቀን እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ዝም ካሉት አንዱ እሱ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ በአንድ ላይ እናስቀድሳለን ብል እንኳ እኔ ከመዘምራኑ ጋር እቆማለሁ፤ ልጄን የሚያስቆርበው እናቱ ናት። ከቅዳሴ በኋላ የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ አለ፤ በወር አንድ ጊዜ እድር አለ፤ በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር አለ፤ በጥርና በሚያዝያ ሰርግ አለ፤ ልቅሶ ደግሞ ወር አይመርጥም። አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ሁሉም ተደምረው ግን ለልጄ የሚተርፈው ደክሞኝ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን የምነካካበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያችንም ሰዓት የቴሌግራም ቡድኑ ይወስዳታል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ጥቅስ ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፌ እንዳስተማርኩት አላስታውስም፤ «ተጫወተው» የሚለውን ቃል ግን ካለፈው ዓርብ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ንገረው ብቻ አላለም፤ ተጫወተው ነው ያለው። ጨዋታ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በችኮላ፣ በር ላይ ጫማ እያሰሩ የሚጨዋወት የለም። ቤት መቀመጥን፣ አብሮ መንገድ መሄድን፣ አብሮ መተኛትና መነሣትን ይጠይቃል። እኔ ቤት አልቀመጥም፤ መንገዱን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሲተኛ አልደርስም፤ ሲነሣ የለሁም። ከአራቱ አንዱንም አልፈጸምኩም።

ቅዳሜ ዕለት በአገልግሎት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኪ አስገብቼ ቤት ዋልኩ። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አባቶችን፣ ማታ በገበታ ላይ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ለልጆቻችሁ በሚጥም መንገድ ተርኩላቸው፣ ከዚያም መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ፣ ያንን ሲይዙት ወደ ያዕቆብና ዔሳው ተሻገሩ ብሎ ይመክራል። ለሌሎች ወላጆች ስመክረው የኖርኩትን ይህን ነገር በቤቴ ሞከርኩት። ከእራት በኋላ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተረኩለት። መልሶ ሲነግረኝ የአቤልን በጎች ከሚገባው በላይ አበዛቸው፤ ቃየን ወንድሙን ወደ ሜዳ እንደወሰደው ሲደርስ ቆም አለና «አባታቸውስ? ሥራ ሄዶ ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለረጅም ጊዜ አቅፌው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ አጀንዳው «ትውልዱ ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ ስለሆነ ምን እናድርግ?» የሚል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተነጋገርን። አብዛኞቻችን ወላጆች ነን፤ ልጆቻችን ከአዳራሹ ውጭ ከጽዱ ሥር ተኮልኩለው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ነበር፤ በመስኮቱ ይታዩኛል። እጄን አውጥቼ፣ ትውልዱ ያለው ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነው፣ የእሑድ ከሰዓቱን ስብሰባ ትተን ወላጅ ከልጁ ጋር እንዲውል እናድርግ አልኩ። የተሰጠኝ መልስ «ወንድማችን፣ አገልግሎት መሥዋዕትነት ይጠይቃል» የሚል ነበር።

ይህን መልስ መቀበል አልቻልኩም። መሥዋዕት የሚሆነው የራስ ነገር ነው። እንቅልፌን፣ ገንዘቤን፣ ዕረፍቴን ልስጥ፤ የእኔ ነውና እሰጣለሁ። የልጄን ድርሻ ወስጄ ግን እኔ ሰጠሁ ማለት አይቻለኝም። ዔሊ በሴሎ ለዓመታት በእግዚአብሔር ቤት ያገለገለ ካህን ነበር፤ የሐናን ልጅ ሳሙኤልን አሳድጎ፣ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሲሰማ ምን ብሎ እንደሚመልስ ያስተማረው እርሱ ነው። የገዛ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን ግን አጣቸው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለሕፃናት የማስተምረው ስለ ሳሙኤል መታዘዝ ብዬ ነው፤ ከአሁን በኋላ ሳስተምረው ዔሊን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

አገልግሎቴን አልተውም። የቅዳሜውን ክፍል ከሌላ ወንድም ጋር ሳምንት በሳምንት ተራ ለመግባት ተስማምተናል። በእኔ ተራ ቀን ወላጆችን ከበር ወደ ውስጥ እየጠራሁ ከልጆቻቸው ጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ የሚቸኩል ካለ ለአሥር ደቂቃ ይቀመጥልኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት በቴሌግራም ደርሶኛል። እንደማልገኝ ጽፌያለሁ፤ ምክንያቱንም አልደበቅኩም። በዚያ ሰዓት ከልጄ ጋር ያዕቆብና ዔሳውን እንጀምራለን።