ሁለተኛ የሚያወጣው አይጎዳም

ወንድሜ፣ ልጆች ከቅርጫት ሳያዩ ተራ በተራ ዓሣ ሲያወጡ ስላለው ዕድል (ፕሮባቢሊቲ) ለተማሪዎች ያቀረብከው ምሳሌ ደስ ይላል። ለባሕር ዳር ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ግን «ክስተቶቹ ጥገኛ ስለሆኑ ሁለተኛ የሚያወጣው ቆሮሶ የማግኘት ዕድሉ ያንሳል» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

እስኪ እንቁጠረው። ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዓሣ፣ 3 ቆሮሶና 2 አምባዛ አለ። ሁለት ልጆች ተራ በተራ አንድ አንድ ያወጣሉ፤ የወጣው አይመለስም። (ክፍል ውስጥ ስትሠራው በዓሣ ሳይሆን ስሙ በተጻፈበት ወረቀት ይሁን። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው እጅ ይለየዋል።) የመጀመሪያው ልጅ ቆሮሶ የማግኘት ዕድሉ 3/5 ነው። ካገኘ የሁለተኛው ዕድል 2/4 ይሆናል። አንተ እዚህ ላይ ቆምክ። የመጀመሪያው አምባዛ ቢደርሰውስ? ያኔ የሁለተኛው ዕድል ወደ 3/4 ከፍ ይላል! ሁለቱንም መንገድ ደምር፦ 3/5 × 2/4 እና 2/5 × 3/4። 6/20 እና 6/20፣ በድምሩ 12/20። ያው 3/5 ነው።

ጥገኛ ማለት የመጀመሪያውን ውጤት ካወቅን የሁለተኛው ዕድል ይቀየራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ወረቀቱን ሳይገልጥ በጭብጡ ከያዘው ግን የጓደኛው ዕድል 3/5 እንደሆነ ይቆያል።

እቁብ ላይ «እኔ ልቅደም» እያሉ የሚጋፉትንም ሳይ ያሳዝኑኛል። ከ10 ወረቀት አንዱ ብቻ ባለዕጣ ከሆነ ሁለተኛው የሚያገኘው የመጀመሪያው ካጣ ነው፤ ስለዚህ ዕድሉ 9/10 × 1/9፣ ማለትም 1/10 ነው። ከመጀመሪያው ጋር እኩል። እባክህ ጽሑፉን ተማሪዎቹ ከመያዛቸው በፊት አስተካክልልን።